ልጃችንና የጓንግዡ ሁለት ዓመታት



ለንግድ ከአገር ወጥተው የሚመለሱ ወገኖቻችን ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ኮንቴይነርና ስለ ጉምሩክ ብዙ ያጫውቱናል። ይዘዋቸው ስለሄዱ ልጆች ግን ሲወራ እምብዛም አይሰማም። ልጅ እንደ ሻንጣ ተይዞ የሚሄድ፣ እንደ ሻንጣም ተይዞ የሚመለስ ይመስለናል። እኛም እ.ኤ.አ. በ2012 ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ቻይናዋ ከተማ ወደ ጓንግዡ ስንጓዝ ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረንም። የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዘን ሄድን፤ ሁለት ዓመት ተቀምጠን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዘን ተመለስን። በመካከሉ የሆነው ነገር ለሌሎች ወላጆች ትምህርት ይሆን እንደሆነ በማሰብ እነሆ ጻፍነው።

ስለ ቻይና ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዕውቀትን ቻይና ድረስ ሄዶ መፈለግን የሚያሳስበው የታወቀ አባባል ነው። የሐዲስ ምሁራን ሰነዱ ደካማ እንደሆነና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተገኘ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ማስተላለፍ እንደማይገባ ገልጸዋል። እኛም ብንሆን ወደዚያ የሄድነው ለእንጀራ እንጂ ለዕውቀት አልነበረም። ዕውቀቱን ያገኘልን ልጃችን ነው።

ጥንታዊቷ ኻንፉ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬ ከቦሌ ተነስቶ በቀጥታ ጓንግዡ ይገባል። በረራው አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቻይና ሰዓት ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም ሌሊት ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ ጓንግዡ ሲወርድ ቀኑ ተጋምሶ ያገኘዋል። ልጃችን ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «ጠዋቱ የት ሄደ?» የሚል ነበር። በቅጡ የመለሰለት ሰው የለም፤ ሁላችንም ሻንጣ ቆጠራ ላይ ነበርን።

ጓንግዡ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስትሆን በፐርል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ12 ሚሊዮን በላይ፣ በ2020ው ደግሞ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቆጥሮባታል። የጥንት ዐረብ ነጋዴዎች «ኻንፉ» እያሉ ይጠሯት ነበር። እ.ኤ.አ. በ851 ገደማ በዐረብኛ የተጻፈ የጉዞ ዘገባ እንደሚያስረዳን በዚያን ዘመን በከተማይቱ ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖሩ ነበር፤ በመካከላቸው የሚነሳውን ክርክር የሚዳኝ፣ ጁሙዓና ዒድም የሚያሰግድ አንድ ሙስሊም ቃዲ በቻይናው ገዥ ተሾሞላቸው ነበር። የቻይና የታሪክ መዛግብትም ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ651፣ በኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን፣ ከሙስሊሞች የተላከ መልእክተኛ የታንግ ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት መድረሱን መዝግበዋል።

የዛሬው የጓንግዡ ንግድም ከጥንቱ አያንስም። ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በመኸር የሚካሄደው ታላቁ የካንቶን የንግድ ትርዒት ከዓለም ዙሪያ ነጋዴ ይጠራል። እኛ የተከራየንበት ሺያዎቤይ የተባለው ሠፈር አፍሪካውያንና ዐረቦች የሚበዙበት ስለነበር «ትንሿ አፍሪካ» ይባል ነበር። የማሊው ጨርቅ ይመርጣል፣ የየመኑ ሻይ ይጠጣል፣ የኛ የመርካቶ ሰው በስልክ ስለ ጭነት ይጨቃጨቃል። ለትልቅ ሰው ነገሩ ሁሉ ከመርካቶ ብዙም የራቀ አልነበረም። ለልጅ ግን ሌላ ዓለም ነው።

አራት ድምፅ ያለው ቋንቋ

የቻይና ትምህርት ቤቶች በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ እኛ ዘንድ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ይከፈታሉ። የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶቹ ክፍያ ከአቅማችን በላይ ስለነበረ ልጃችንን በአቅራቢያችን ካለ ተራ የቻይና ትምህርት ቤት አስገባነው። በክፍሉ ብቸኛው የውጭ አገር ልጅ እርሱ ነበር።

በጓንግዡ የገበያውና የቤቱ መነጋገሪያ ካንቶንኛ ነው። የትምህርት ቤቱ ደግሞ ፑቶንግኋ የሚባለው የመላ አገሪቱ መግባቢያ ቋንቋ ነው። በፑቶንግኋ አንድ ቃል እንደ ድምፁ አወጣጥ አራት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። «ማ» ድምፁ ከፍ ብሎ ቀጥ ካለ «እናት»፣ ሽቅብ ከወጣ የቃጫ ተክል፣ ወርዶ ከተመለሰ «ፈረስ»፣ በኃይል ቁልቁል ከወረደ «ስድብ» ይሆናል። ጽሕፈቱም እንደኛ ፊደል ወይም እንደ ዐረብኛው አሊፍ ባ ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። አንድ የቻይና ልጅ የስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ሦስት ሺህ ያህል ምልክት ማወቅ ይጠበቅበታል። ልጃችን በየማታው አንዱን ምልክት ሃያ ጊዜ እየደጋገመ ሲጽፍ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ደስ የሚሉ ነገሮችም ነበሩ። በክፍል ውስጥ የሚጠጣው ውኃ የሞቀ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፔርሙዝ ይይዛል። ከምሳ በኋላ ሁሉም ልጅ ይተኛል። ለዓይን ጤና ተብሎ በሙዚቃ ታጅቦ በጣት የዓይንን ዙሪያ የሚያሹበት ልምምድ አለ። ልጃችን ይህን ልምምድ ለእናቱ አስተማራት፤ እስከ ዛሬም ትሠራዋለች።

ምዝገባው ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ልጃችን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የያዘ ነው። መምህርቷ ስሙን ለመጥራትም ለመጻፍም ስለከበዳት ከመካከሉ አንዷን ድምፅ ወስዳ፣ በሦስት ጭረት ብቻ የሚጻፈውን «ማ» የሚለውን ምልክት የቤተሰብ ስም አድርጋ ሰጠችው። በቅን ልቦና ያደረገችው ነው፤ ለልጁ እንዲቀለው ብላ። ከሳምንት በኋላ ግን የምልክቱን ትርጉም ሲማር እያለቀሰ ገባ። «ፈረስ ብለው ጻፉኝ! አንዱ ልጅ ሲያየኝ እንደ ፈረስ ይጮሃል» አለን። እኛም ሳቅንበት። «ፈረስ መሆን ምን ነውር አለው?» አልነው። ዛሬ ባልሳቅን ኖሮ እንላለን።

በቀን መቁጠሪያው ላይ የተሰመሩት አርባ ቀናት

ምሳውን ከቤት ይዞ ይሄድ ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣነው የጤፍ ዱቄት ለጥቂት ወራት በቃን። ጓንግዡ እርጥበቷ የበዛ ከተማ ናት። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ጸደይ ሲገባ ግድግዳውና ወለሉ ልክ እንደ ሰው ያልበዋል፤ ልብስ አይደርቅም፣ እንጀራም በአንድ ሌሊት ይሻግታል። በዚያው ሰሞን ልጃችን የምሳ ዕቃውን ባዶ እያደረገ ይመለስ ስለነበር «ጎበዝ፣ ዛሬም በላህ» እያልን እናመሰግነው ነበር።

አንድ ቀን እናቱ ድዱ ደምቶ አየች። ጥርሱን በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይፋቃል። ከዚያ ደግሞ ሶላት ስንሰግድ አብሮን መቆም እንደተወ አስተዋልን። «ደክሞኛል» ይላል፤ «ዉዱእ የለኝም» ይላል። ልጅ ነውና አልተጫንነውም። በመጨረሻ የመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አባቱ ገልጦ ሲያይ ቀኖቹ አንድ በአንድ በእርሳስ ተሰርዘው፣ አርባኛው ቀን በክብ ምልክት ተከቦ አገኘ።

ያን ሌሊት እናቱ አጠገቡ ተኝታ ስታባብለው ነገሩን አወጣው። የምሳ ዕቃው ሲከፈት ጠረኑ ይሸታል ብለው ልጆቹ አፍንጫቸውን ስለያዙበት እንጀራውን እየደፋ ይራብ ኖሯል። አንድ ቀን ጎኑ የሚቀመጠው ልጅ ባኦዝ የሚሉትን፣ በእንፋሎት የሚበስል ውስጡ የተሞላ ዳቦ ሰጠው። «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም «ሮው» አለው። «ሮው» ማለት ሥጋ ነው። ልጃችን ይህን ቃል ከሙስሊሞች ምግብ ቤት ያውቀዋል። በዚያ የበሬው «ኒዩ ሮው»፣ የበጉ «ያንግ ሮው» ይባላል። ስለዚህ ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ በላ። በሌላውም ቀን በላ። የማያውቀው ነገር ቢኖር ቻይናዎች «ሮው» ብለው ብቻ ከተናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ማለታቸው እንደሆነ ነው። ይህን የተረዳው ከሦስት ሳምንት በኋላ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን የአሳማ ሥዕል አይተው ልጆቹ ስለ ባኦዝ ሲያወሩ ነው።

አስካሪ መጠጥ የጠጣ ሰው ሶላቱ ለአርባ ቀን ተቀባይነት እንደማያገኝ ቤታችን ውስጥ ሲነገር ሰምቶ ነበር። ያንን ለራሱ አደረገው። ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ላይ ፈረደ፤ አርባ ቀን ቆጠረ። ከዚያም እናቱን እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ «እማ፣ በቻይንኛ ያጠፋሁትን አላህን በአማርኛ ይቅር በለኝ ብለው ይሰማኛል?»

ውድ አንባቢያን! ከዚያ ወዲህ በንግዳችን ብዙ ኪሳራ ደርሶብናል፤ የዚያን ሌሊቱን ያህል ያመመን ግን የለም። «አሳማ አትብላ» ብለን በአማርኛ አስተምረነው ነበር። አሳማ በቻይንኛ «ዡ» መባሉን ግን አላስተማርነውም። የሸቀጥ ዋጋ መጠየቂያ ቃላትን በሳምንት ውስጥ ተምረን ለልጃችን ሃይማኖት የምታስፈልገውን አንዲት ቃል ሳንማርለት ቀርተናል። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱም የልጆቹም አልነበረም። የኛ ነበር።

የጁሙዓው ቀን

ባወቅነው ልክ ነገርነው። ባለማወቅ፣ በመርሳትና በመገደድ የተሠራ ነገር ለዚህ ኡመት ይቅር የተባለ መሆኑን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም ብዕር የተነሳለት መሆኑን አስረዳነው። ፊቱ ግን አልተፈታም። የሚቀጥለው ጁሙዓ ከትምህርት ቤት አስፈቅደን ወደ ሺየንሺየን መስጂድ ይዘነው ሄድን።

ይህ መስጂድ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ በዛፎች ጥላ ውስጥ ይገኛል። በግቢው ውስጥ የቻይና ሙስሊሞች የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነው የሚሉት ጥንታዊ መቃብር አለ። የኢስላም የታሪክ መጻሕፍት ግን ታላቁ ሰሐባ ያረፉት በመዲና አቅራቢያ እንደሆነና የተቀበሩትም በበቂዕ እንደሆነ ይናገራሉ። የቻይናው ትረካ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ትውፊት ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሰዕድ ወደ ቻይና በመርከብ የመጡት ከሐበሻ ምድር ተነስተው ነው ይላል። በከተማው መሐል ያለው ሌላው ጥንታዊ መስጂድም ሁዋይሸንግ ሲባል የስሙ ትርጉም ነቢዩን ማስታወስ ማለት ነው። 36 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ነጭና ክብ የሆነው ሚናራው «የብርሃን ግንብ» ይባላል። በጥንት ጊዜ አዛን ከሚደረግበት በቀር በፐርል ወንዝ ለሚመጡ መርከቦች መንገድ ማሳያም ነበር ይባላል።

ጁሙዓ ቀን የሺየንሺየን መንገድ ገበያ ይሆናል። ከሺንጂያንግ የመጡ ኡይጉሮች የበግ ሥጋ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ፣ ክብ ዳቦ ይሸጣሉ። ነጭ ቆብ የደፉ ሁይ የተባሉት የቻይና ሙስሊሞች፣ ቦይ የመሰለ ሰፊ ልብስ የለበሱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች፣ ዐረቦች፣ ፓኪስታኖች ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ። ውስጡ ሲሞላ ሰጋጁ በግቢው ምንጣፉን እያነጠፈ ይሰለፋል። ልጃችን ይህን ሁሉ እጃችንን ይዞ በዝምታ ያያል።

ከሶላት በኋላ ከመስጂዱ ኢማሞች አንዱን አነጋገርን። በቻይና ኢማም «አሆንግ» ይባላል፤ ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ነው። አሆንጉ ዐረብኛ ስለሚያውቁ አባቱ በሚችለው ዐረብኛ ነገሩን አስረዳቸው። እኛ የጠበቅነው በዐረብኛ እንዲመልሱልን ነበር። እሳቸው ግን ከኛ ዘወር ብለው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ልጁን በፑቶንግኋ አናገሩት። ረዥም ንግግር ነበር። እኛ ከመሐሉ «አላህ» ከሚለው በቀር አንድም ቃል አልገባንም። ልጃችን ራሱን ይነቀንቃል፤ አንድ ጊዜ ጠየቃቸው፤ መለሱለት። እኛ ወላጆቹ በልጃችን ጉዳይ ላይ ባዕድ ሆነን ቆምን።

«ምን አሉህ?» አልነው። በአማርኛ እንዲህ ሲል ተረጎመልን፦ «ሳታውቅ የበላኸው አንተ ላይ አልተጻፈም። አርባው ቀን ያንተ አይደለም። አላህ ቻይንኛን የፈጠረ ነው፤ በቻይንኛ የሆነውን ያውቃል። ዛሬ ዐስርን ስገድ።»

ዐስርን አብሮን ሰገደ። ወደ ቤት ስንመለስ የቀን መቁጠሪያውን ገንጥሎ ጣለው።

ሁለቱ ምልክቶችና የማ ቤተሰብ

ከዚያ ወዲያ ትምህርታችንን አስተካከልን። መጀመሪያ ሦስታችንም «ቺንግዠን» የሚለውን ቃል የሚጽፉትን ሁለት ምልክቶች ተማርን። ቃል በቃል «ንጹሕና እውነተኛ» ማለት ሲሆን ቻይናዎች ለሐላል ምግብም ለመስጂድም የሚጠቀሙበት ስም ነው። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ምግብ ቤት በቻይና ከተሞች ብዙ ነው። በተለይ «ላንዡ» የሚባሉት የፓስታ ቤቶች አይጠፉም። ባለቤቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ከቺንግሃይና ከጋንሱ ክፍለ ሀገር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ሊጡን በእጃቸው እየጎተቱና እያጠፉ እንደ ክር ሲያቀጥኑት ማየት ለልጅ ትልቅ ትርዒት ነው።

በሠፈራችን ባለው በአንዱ ቤት ነጭ ቆብ የደፉ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ይቀመጡ ነበር። የባለቤቱ አባት ናቸው። ልጃችን «ዬዬ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። አንድ ቀን ስሙን ጠየቁትና አንገቱን ደፍቶ «ማ» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «እኔም ማ ነኝ፤ ልጄም ማ ነው፤ መንደሬ ግማሹ ማ ነው» አሉት። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱት። በቻይና ሙስሊሞች ዘንድ ማ እጅግ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው። በጥንት ጊዜ ሙስሊሞች የቻይና ስም ሲይዙ ብዙዎቹ «ሙሐመድ» ከሚለው ስም ድምፅ ወስደው ማ ተባሉ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ ታላላቅ መርከቦችን እየመራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የደረሰው ዝነኛው የባሕር አዛዥ ዠንግ ኸ እንኳ በዩናን ከሙስሊም ቤተሰብ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ማ ነበር። አባቱም «ሐጂ» ይባል ነበር።

በነጋታው ልጃችን ደብተሩ ላይ ስሙን በትልቁ ጽፎ ሄደ። እንደ ፈረስ የሚጮኸው ልጅ አሁንም ጮኸ። ልጃችን ግን አብሮት ጮኸ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛሞች ሆኑ። ያ ልጅ ቤታችን መጥቶ ዶሮ ወጥ በልቶ ውኃ እየጠጣ አልቅሷል። የቻይና አዲስ ዓመት ሲደርስ አያቱ ለኛ ብለው ከሌላው ጎረቤት ለይተው መንደሪን ብቻ በቀይ ወረቀት ጠቅልለው ላኩልን። ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ እንሰብካለን፤ እሳቸው ሳንነግራቸው ፈጸሙት።

ትንሹ አስተርጓሚ

በሁለተኛው ዓመት ልጃችን እንደ አገሬው ይናገር ጀመር። ያን ጊዜ ሌላ ስህተት ሠራን። ለአስተርጓሚ የምንከፍለውን ገንዘብ ለማትረፍ እርሱን ወደ ገበያ ይዘነው እንሄድ ነበር። ኪራይ፣ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ለመኖሪያ ምዝገባ፣ ሁሉንም በስምንት ዓመት ልጅ አንደበት ጨረስን።

አንድ ቀን የተላከልን ዕቃ ተበላሽቶ ከአንድ ሻጭ ጋር ክርክር ገጠምን። ሰውየው ተቆጣ፣ ጠረጴዛ መታ። «ምን ይላል?» አልነው። ልጃችን ጥቂት ዝም ብሎ «ይቅርታ፣ ዛሬ ደክሞኛል ይላል» አለን። ነገሩ ደስ ስላለን ከሰውየው ጋር ተጨባብጠን ወጣን። በምድር ውስጥ ባቡር ስንመለስ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ሰውየው አባቱን በጣም መጥፎ ቃል ሰድቦት ነበር። «አባ እንዳይከፋው ብዬ ዋሸሁ፤ ውሸት ደግሞ ሐራም ነው» አለ።

የአባትን ስድብ በልጅ ጆሮ አሰምተን ልጁ ተሸክሞት እንዲሄድ አደረግን ማለት ነው። በሳምንቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወንድማችንን እየከፈልን ለአስተርጓሚነት ያዝን። ወጪው በዛ፤ ልጁ ግን ወደ ልጅነቱ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. የ2013 ረመዳን የገባው በጁላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ በበረታበት ወር ነው። ልጃችን ጾሙን እስከ ቀትር እያለ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ጾመ። ማታ መስጂድ ግቢ ውስጥ ቴምርና ሐብሐብ ተደርድሮ እናፈጥር ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ መግሪብ ሲደርስ ከአንድ ሳህን ሁዩም፣ ሶማሌውም፣ የመኒውም፣ ሐበሻውም ያነሳል። አላህ ሰዎችን ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን በሱረቱል ሑጁራት የነገረንን ስናነብ ከዚያ ወዲህ ትዝ የሚለን ያ ሳህን ነው።

መመለስ

እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ አገራችን ተመለስን። በጓንግዡ መንገድ ላይ ልጆች ሲያዩት «ፌይዡ!» ይሉት ነበር፤ አፍሪካ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የሠፈሩ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይሉት ጀመር። አማርኛው ተሰባብሮ ነበር፤ አያቱን «አንቺ» እያለ ያናግራቸዋል፤ ምሳ ሲቀርብ ሙቅ ውኃ ይጠይቃል። ፊደሉን ከሀ ሁ ጀምሮ ተማረ። አያቱም እንዲህ አሉ፦ «ተዉት፤ ልጁ ሁለት አፍ ይዞ መጣ እንጂ አፉ አልጠፋም።»

አንድ ቀን ከመንገድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ቻይናውያን ሱቅ በር ላይ ቆመው ሲቸገሩ አይቶ ጠጋ አለና በቋንቋቸው አናገራቸው። ስሙን ሲጠይቁት «ማ» አላቸው። ከሁለቱ አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። የጋንሱ ሰው ነበር። እኛ ቆመን ተያየን።

ያየነውን ስናወራ የተለወጠውንም መናገር ተገቢ ነው። የትንሿ አፍሪካ ሠፈር ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዟል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በጓንግዡ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረው ጎዳና ላይ ማደራቸው በዓለም ዜና ተዘግቦ በቤጂንግ የአፍሪካ አምባሳደሮችም ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ቻይና እምነቶችን «ቻይናዊ የማድረግ» ፖሊሲዋን ካጠበቀች ወዲህም በብዙ ቦታዎች የመስጂድ ጉልላቶች ወርደዋል፤ ለልጆች የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርትም ተገድቧል። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ዲኑን የሚያስተምረው መጀመሪያ በቤቱ ውስጥ መሆኑን ይወቅ።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት የሐላሉንና የሐራሙን ቃል በአገሩ ቋንቋ ተማሩለት። ባዶ የምሳ ዕቃ አይታችሁ ብቻ «በላ» አትበሉ። ስለ ስሙ ሲያለቅስ አትሳቁበት። አንደበቱን ለንግዳችሁ አትከራዩት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ስለ አላህ ቅጣት የምትናገሩትን ያህል ስለ ምሕረቱም ተናገሩ። ልጅ የሰማውን ይዞ ብቻውን ይቆጥራልና።

ልጃችን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ያ የቀን መቁጠሪያ ተቀዶ ተጥሏል፤ ክቡ ምልክት ያረፈበትን ቀን ግን እኛ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። አላህ ልጆቻችንን በሄዱበት ሁሉ ይጠብቅልን። አሚን።